ፓኬቱ ላይ ያልተጻፈው ስንዴ

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ዓምና ሆዷ እየተነፋ፣ ተቅማጥ እየተመላለሰባት፣ ደሟም አልሞላ ብሎ ስንንከራተት ቆይተን በደም ምርመራና በኢንዶስኮፒ ሴሊያክ (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) እንዳለባት ተነገረን። ዳቦና ፓስታ ትተናል፣ የምትበላው የጤፍ እንጀራ ነው። የቸገረኝ መክሰስ ነው። እዚህ ጅማ ሱቅ ውስጥ ካለው የድንች ቺፕስ ግማሹ ምንም ጽሑፍ የለውም። ከውጭ የመጣው ደግሞ ጀርባው ላይ «ስንዴ ሊኖርበት ይችላል» ይላል። ባለፈው ሳምንት ከዚሁ በልታ ማታ ሆዷን ቆረጣት። ምን ባደርግ ይሻላል? (የልጅቷ እናት፣ ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፓኬት ገልብጠው ማንበብ መጀመርዎ ደስ ይላል። ሲያነቡ ግን ከማስጠንቀቂያው በፊት ከምን እንደተሠራ የሚናገረውን ዝርዝር ይዩ። ድንች፣ ዘይትና ጨው ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። የቺዝ፣ የዶሮ፣ የባርቤኪው ጣዕም የሚባሉት ላይ ይጠንቀቁ። ቅመሙ ውስጥ የስንዴ ዱቄት ወይም የገብስ ብቅል ሊገባ ይችላል። «ስንዴ የለበትም» ቢልም ብቅል ካለበት ለልጅዎ ያው ነው፣ ግሉተን ገብስም ውስጥ አለ።

«ሊኖርበት ይችላል» የምትለዋ ነገር ታሳስታለች። በብዙ አገር እሷን መጻፍ ግዴታ አይደለም። አንዱ አምራች ክስ ፈርቶ ይጽፋል፣ ሌላው ብስኩትና ቺፕስ በአንድ መስመር እያሳለፈ ዝም ይላል። የሚታመነው «ከግሉተን ነጻ» የሚለው ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ እንዲህ ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖር አይገባም። 30 ግራም በምትመዝን ፓኬት ሲሰላ ቢበዛ 0.6 ሚሊግራም ነው። በቀን 50 ሚሊግራም ለወራት ሲወሰድ ግን አንጀት እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። ብዙ እንዳይመስልዎት! አንድ ቁራጭ ዳቦ 2 ግራም ገደማ ግሉተን አለው፤ 40 ቦታ ቢቆርሱት አንዷ ፍርፋሪ ማለት ነው። ልጅዎ ገና አንጀቷ እያገገመ ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያ ያለበትን ለጊዜው ቢተውት እመርጣለሁ።

በላስቲክ ታስሮ የሚሸጠው የሰፈር ቺፕስስ? እዚያ ላይ ጥያቄው ዘይቱ ነው። የምትጠብሰውን ሴትዮ «በዚህ ዘይት ሳምቡሳ ወይም ቦምቦሊኖ ትጠብሻለሽ?» ብለው ይጠይቋት። አዎ ካለች ይለፉት። ግሉተን ተውሳክ አይደለም፣ በእሳት አይሞትም። ቆሎም እንደዚያው። ቡና ላይ ጎረቤት «ኦቾሎኒውን ብቻ ለቅማ ትብላ» ማለቱ አይቀርም፣ ግን ከገብሱ ጋር ሲታሽ የዋለ ኦቾሎኒ ነው። ጩኮና በሶ ገብስ ስለሆኑ ጭራሽ አይነኩም። ቤት የፈነዳ ፈንዲሻ፣ የበቆሎ እሸት፣ ሙዝ፣ ራስዎ የቆሉት ሽንብራ ግን ይቻላል። እውነት ለመናገር ከቺፕሱም ይሻላሉ።

እኔን ከፓኬቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ወፍጮው ነው። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም። ወፍጮ ቤት ሲገቡ ግን ሠራተኛውን ይዩት፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ያ አቧራ የስንዴም የገብስም ነው። ከእርስዎ በፊት የነበረችው ሴት ስንዴ አስፈጭታ ከሆነ ድንጋዩ ውስጥ የቀረው ከእርስዎ ጤፍ ጋር ይወርዳል። ልጅቷ ደግሞ ቺፕስ በሳምንት አንዴ፣ እንጀራ በቀን ሦስቴ ነው የምትበላው። ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለው ቤት ይፈልጉ። ካጡ ጤፉን አስለቅመው የቤት መፍጫ ይጠቀሙ፣ አድካሚ ቢሆንም። ወንፊቱንም ለብቻ ያድርጉት። እርሾውንስ ከየት አመጡት? ስንዴ ከሚቀላቅል ጎረቤት ከሆነ ይድፉትና ከንጹህ ጤፍ አዲስ ይጀምሩ። የሚገዛ እንጀራ ስንዴ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ለእሷ አይሁን።

የዚያን ማታው ቁርጠት ከቺፕሱ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አንዴ ተሳስታ ብትበላ የተለየ መድኃኒት የለውም፤ ውኃ ትጠጣ፣ ትረፍ። ሆዷ መነፋቱና ተቅማጡ ከተመለሰ ግን ሁሉን በግሉተን አያሳብቡ፣ ሰገራ ያስመርምሩ። ጃርዲያ በእኛ አገር ልጆች ላይ ብዙ ነው፣ ምልክቱም ከሴሊያክ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ትውከቱ ወይም ተቅማጡ በርትቶ ውኃ እንኳ አልረጋ ካላት፣ ወይም ከፈዘዘች፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ይውሰዷት።

ምርመራ ሲደረግላት ከፍ ብሎ የተገኘውን የደም ውጤት ሐኪሟ በየ6 ወሩ ገደማ እንዲደግመው ይጠይቁ። በአንዴ አይወርድም፣ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። እየወረደ ከሆነ ቤታችሁ ውስጥ ያለው ጥንቃቄ እየሠራ ነው። ካልወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዱቄቱ ነው።