አዲስ ላቦራቶሪ ለምትገቡ ልጆች

ልጆቼ፣ አዲስ የምርምር ላቦራቶሪ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው «ምን ብናገር አዋቂ እመስላለሁ?» እያለ ነው። ባልደረቦቻችሁ ግን መጀመሪያ የሚያውቋችሁ በእጃችሁ ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ ባስቀመጣችሁት ቲዩብ፣ በሞላችሁት የጋራ ጠርሙስ፣ ተጠቅማችሁ በተዋችሁት ሴንትሪፉጅ (ቲዩብን በፍጥነት የሚያሽከረክር መሣሪያ)። ጓደኝነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ከቲዩቡ ልጀምር።

እያንዳንዱ ቲዩብ ላይ ስማችሁን፣ ቀኑን፣ ውስጡ ያለውን ነገርና መጠነ ይዘቱን ጻፉ። ክዳኑ ላይ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ሁለት ቲዩብ አብረው ሲከፈቱ ክዳን ይለዋወጣልና ጎኑም ላይ ይጻፍ። ተራ ማርከር ኤታኖል ሲነካው ይለቃል፤ የማይለቅ ቀለም ያለውን ፈልጉ። ለቅዝቃዜ የተሠራ ተለጣፊ ወረቀትም የሚይዘው ቲዩቡ ደረቅና በክፍል ሙቀት ላይ ሳለ ሲለጠፍ ነው። ውርጭ የያዘ ቲዩብ ላይ ብትለጥፉት ከሳምንት በኋላ ሳጥኑ ሥር ወድቆ ታገኙታላችሁ፤ ቲዩቡም ባለቤት የሌለው ይሆናል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያለውን ፍሪዘር ደግሞ ከፍታችሁ እየፈለጋችሁ አትቁሙ። ሳጥኑ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ አስቀድማችሁ ከዝርዝሩ እዩ፣ መደርደሪያውን አውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ሳጥኑን ደረቅ በረዶ ላይ አድርጋችሁ ቲዩቡን ፈልጉ። በሩ ሲከፈት የሚሞቀው የሌሎች ሰዎች የዓመታት ናሙና ጭምር ነው። የማን እንደሆነ ያላወቃችሁትን አሮጌ ሳጥን ሳትጠይቁ አትጣሉ።

የጋራ ጠርሙስ ከሁሉ የበለጠ ሰው ያጣላል። ለጄል (ዲኤንኤ በኤሌክትሪክ የሚለያይበት ዝልግልግ ነገር) የሚሆነው ባፈር (አሲድነቱ ቶሎ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) ብዙ ጊዜ አሥር እጥፍ ሆኖ ይዘጋጅና 100 ሚሊ ሊትሩ በ900 ሚሊ ሊትር ውሃ ይቀጠናል። አንድ ሰው ሳያቀጥን የሥራ ጠርሙሱ ውስጥ ቢገለብጠው ቀጥሎ ጄል የሚያስኬደው ሰው ኤሌክትሪኩ ከልክ በላይ ያልፍበታል፤ ባፈሩ ይሞቃል፣ ጄሉ ይቀልጣል። በባፈር ፈንታ ውሃ ብቻ ከተሞላ ደግሞ ዲኤንኤው ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። ያ ሰው ጥፋቱን በራሱ ናሙና ላይ ሲፈልግ ሦስት ቀን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሞላችሁት ጠርሙስ ላይ ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ማን እንዳዘጋጀውና መቼ እንደሆነ ይጻፍ። 70 በመቶ ኤታኖል ከ95 በመቶው ስትሠሩም በግምት አትቀላቅሉ፤ 737 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በውሃ እስከ 1 ሊትር ሙሉት። ብርቱው ኤታኖል ይሻላል ብላችሁ ሳይቀጥን አትተዉት። ማይክሮብን ለመግደል ውሃው ያስፈልጋል፤ ያለ ውሃ ፕሮቲኑን በደንብ አያበላሸውም፣ ቶሎም ይተናል። የጋራ ነገር ሩብ ሲቀረው ለሚያዝዘው ሰው ንገሩ። ባዶ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ መልሶ ማስቀመጥ ከባድ ነውር ነው።

ሴንትሪፉጅ ስትጠቀሙ ትይዩ የሚቀመጡትን ቲዩቦች በሚዛን እኩል አድርጉ። በዓይን እኩል የሞሉ ሁለት ቲዩቦች አንዱ የስኳር ውህድ ሌላው ውሃ ከሆነ ክብደታቸው ይለያያል። ስትጨርሱ የፈሰሰውን ጥረጉ፤ የሚያቀዘቅዘውን ሴንትሪፉጅ ደግሞ አጥፍታችሁ ክዳኑን ክፍት ተዉት፣ ጤዛው ካልደረቀ ሮተሩን (ቲዩቦቹን ይዞ የሚሽከረከረውን ክፍል) ይበላዋል። የፒኤች ሜትሩን (የአሲድነት መለኪያውን) ኤሌክትሮድ በተጣራ ውሃ አታስቀምጡ፤ ማስቀመጫው ብዙውን ጊዜ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ጓንት አድርጋችሁ የበር እጀታና ኪቦርድ አትንኩ። ያለ ጓንት የሚነካው ሌላ ሰው ነውና።

የላቦራቶሪው ፕሮቶኮል (የአሠራር ቅደም ተከተል) ከተማራችሁት ቢለይ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ እንዳለ ሥሩት። ትርጉም የሌለው የሚመስል እርምጃ ብዙ ጊዜ ከኋላው የከሸፈ ሙከራ አለው። ካልተመቻችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ሞክራችሁ ውጤቱን ይዛችሁ ቅረቡ። በመጀመሪያው ቀን «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም የሚሠራው» ማለት ሰውን ያስቀይማል፤ ያለ ማስረጃ ደግሞ ማንንም አያሳምንም።

መጠየቅን አትፍሩ፤ ጊዜውን ግን ምረጡ። ሰዓት ቆጣሪው ፊቱ እየሄደ ፒፔት (ፈሳሽ መመጠኛ) የያዘን ሰው አታናግሩት፤ ናሙና ከሚጨምርባቸው ጉድጓዶች የትኛው ላይ እንደደረሰ ይጠፋዋል። ጥያቄዎቻችሁን አጠራቅሙ፣ መልሱን በላብ ደብተራችሁ ጻፉ። ያንኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ነው ሰውን የሚያሰለቸው። ቴክኒሽያኑን በተለይ አክብሩ፤ መሣሪያው የት ላይ እንደሚያስቸግር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ብዙ ጊዜ የለም።

ስትሳሳቱ ወዲያው ተናገሩ። ፒፔት ከወደቀባችሁ ዝም ብላችሁ አትስቀሉት። ሚዛን ላይ 100 ማይክሮ ሊትር ውሃ አሥር ጊዜ መዝኑ፤ ወደ 100 ሚሊ ግራም መምጣት አለበት። 95 እየሰጠ ከሆነ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ለጥፋችሁ ለኃላፊው አስረክቡት። ያልተነገረ ስሕተት የብዙ ሰው ውጤት ውስጥ ይገባል፤ በተነገረ ጊዜ ግን ጉዳቱ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከሌላ ቦታ ሴል ይዛችሁ ከመጣችሁም ማይኮፕላዝማ (ሴሎችን የሚበክል በጣም ትንሽ ባክቴሪያ) እንደሌለበት እስኪመረመር ድረስ ከሌሎቹ ለይታችሁ አሳድጉት። ማይኮፕላዝማ እንደ ሌላው ባክቴሪያ ፈሳሹን ስለማያደፈርሰው በዓይን አይታወቅም፤ ሴሎቹ በሚያድጉበት የጋራ ኢንኩቤተር በኩል ወደ ባልደረቦቻችሁ ሴሎች ይሻገራል።

አንድ ነገር ደግሞ ሰዎች ስለሚያፍሩበት ያዘገዩታል፤ በሚታተመው የምርምር ጽሑፍ ላይ የማን ስም በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚገባ። ከሰው ጋር ሥራ ስትጀምሩ፣ ውጤት ሳይመጣ፣ ሁሉም በሰላም ሳለ ተነጋገሩበት። ማን ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ጽፋችሁ ለሁሉም ላኩት፤ የሥራው ድርሻ ከተለወጠ ደግሞ እንደገና ተቀምጣችሁ አስተካክሉት።