«ማርጂን» የምትለዋን አትንኪያት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ በዓመት 52,000 ዶላር አገኛለሁ። ባለፈው ወር እቁብ ደረሰኝና 12,000 ዶላር እጄ ገባ። ገንዘብ ከእጄ እንዴት እንደሚበተን ስለማውቀው፣ ዘንድሮስ አክሲዮን ልግዛበት ብዬ ቆረጥኩ።

አፑን ስልኬ ላይ ጫንኩ። እዚያው ቀረሁ። በስምሽ ብቻ ነው በጋራ? የጡረታ ነው ተራ? ካሽ ነው ማርጂን? ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

የአክስቴ ልጅ በማርጂን ነው የሚሠራው። «ያለ ማርጂን ብር አይወልድም። ከከበደሽ እኔ አካውንት ውስጥ አስገቢውና ላሽከርክርልሽ» ይለኛል። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን እናቴ ደሴ ናት፤ ስኳር አለባት። አንድ ሌሊት ተደውሎ ገንዘብ ቢፈለግስ? መሥሪያ ቤቴ ደግሞ 401ኬ የሚባል የጡረታ ቁጠባ አለው። ከደሞዝሽ 4 በመቶ ካስቀመጥሽ እኛም 4 እንጨምራለን ይላሉ። ጡረታዬን አገሬ ነው የምወጣው ብዬ አልተመዘገብኩም። የቱን ልምረጥ?

እቁብተኛዋ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ደረሰሽ!

ስለ አፑ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልቆጣሽ። 401ኬ አልተመዘገብኩም ትያለሽ? ከ52,000 ላይ 4 በመቶ 2,080 ዶላር ነው። አሠሪሽ በየዓመቱ ይህን ሊሰጥሽ እጁን ዘርግቶ አንቺ አልቀበልም ብለሻል። ጡረታሽን ደሴ ብትወጪም ገንዘቡ ያንቺው ነው። ሰኞ ቢሮ ሄደሽ ተመዝገቢ። የእነሱ ድርሻ ሙሉ በሙሉ ያንቺ የሚሆነው ስንት ዓመት ስትሠሪ እንደሆነም በዚያው ጠይቂ።

አሁን ወደ ማርጂን። ማርጂን ማለት ብድር ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። የአክሲዮን ደላላው ያለሽን አክሲዮን መያዣ አድርጎ ያበድርሻል፣ ወለድ ያስከፍልሻል። 6,000 አለሽ እንበል። 6,000 ተበድረሽ የ12,000 አክሲዮን ገዛሽ። ዋጋው በሲሶ ወርዶ 8,000 ቢሆን፣ ዕዳው ያው 6,000 ነው። ላንቺ የቀረው 2,000! ገበያው ሲሶ ወረደ፣ ያንቺ ገንዘብ ግን ሁለት ሲሶው ሄደ። እዚህ ላይ ደግሞ ያንቺ ድርሻ ከአክሲዮኑ 25 በመቶ ብቻ ሆኗል፤ ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ወለል እሱ ነው። ብዙ ደላሎች እዚያ ሳይደርስም ገንዘብ ጨምሪ ይላሉ። ካልጨመርሽ ይሸጡብሻል፤ ሊጠይቁሽም አይገደዱም። የእናትሽ ስልክ በዚያው ሳምንት ቢደወልስ? ስለዚህ በራስሽ ገንዘብ ብቻ የምትገዢበትን፣ «ካሽ» የሚለውን ምረጪ። አንዳንድ አፕ ማርጂኑን ራሱ ምልክት አድርጎ ይጠብቅሻልና ዓይንሽን ከፍተሽ አንብቢ።

በአክስትሽ ልጅ አካውንት የሚለውን እርሺው። እሱ ክፉ ስለሆነ አይደለም። በእሱ ስም ያለ ገንዘብ በሕግ የእሱ ነው፤ የታክሱ ወረቀትም በእሱ ስም ይመጣል። የጋራ አካውንት ብትከፍቱም ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሙሉውን ማውጣት ትችላላችሁ። በስምሽ ብቻ ክፈቺ፤ ስትከፍቺም ወራሽ የሚለው ቦታ ላይ የእናትሽን ወይም የምታምኚውን ሰው ስም ሙዪ።

የጡረታው ምርጫ ላይ ሁለት ዓይነት አይአርኤ፣ ማለት በግልሽ የምትከፍቺው የጡረታ አካውንት፣ ታያለሽ። ላንቺ የሚሆነው ሮዝ የሚባለው ነው። (ቀለሙ አይደለም! ሕጉ በ1997 ሲወጣ ዋና አራማጁ የነበሩት የዴላዌሩ ሴናተር ዊልያም ሮዝ ናቸው፤ ስሙ ከእሳቸው ነው የመጣው።) ታክስ የተከፈለበትን ገንዘብ ታስገቢያለሽ፤ ከ59 ዓመት ተኩል በኋላ፣ አካውንቱ አምስት ዓመት ከሞላው፣ ትርፉም ያለ ታክስ ይወጣል። ላንቺ የሚጠቅመው ደግሞ ሌላ ነው፦ ራስሽ ያስገባሽውን ዋናውን ገንዘብ በፈለግሽ ጊዜ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ማውጣት ትችያለሽ። የሚቆለፈው ትርፉ ነው። ለ2025 የግብር ዓመት ዕድሜው ከ50 በታች የሆነ ሰው ጣሪያው 7,000 ዶላር ነው። የአንድ ዓመት ድርሻ እስከ ቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ አጋማሽ፣ ማለት እስከ ኤፕሪል 15፣ ሊገባ ይችላል። አንዴ ያወጣሽውን ግን እንደልብ መልሰሽ አታስገቢም።

እኔ ብሆን 4,000ውን አክሲዮን ጋ አላስጠጋውም። ወለድ ያለው ቁጠባ ውስጥ ለደሴው ስልክ ይቀመጥ። 7,000ው ሮዝ ውስጥ ይግባ። በቀረችው አንድ ሺህ ተራውን የካሽ አካውንት ክፈቺና እጅሽን አፍታቺ። እዚያ የገዛሽውን ከአንድ ዓመት በላይ ይዘሽ ብትሸጪ፣ አሁን ባለሽ ገቢ የፌዴራሉ ታክስ በትርፉ ላይ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ሜሪላንድ ግን ድርሻዋን አትተውም። ከዓመት በፊት ብትሸጪ እንደ ደሞዝ ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ሮዝ አካውንት እንጂ አክሲዮን አይደለም። ገንዘቡን አስገብተሽ ብትተይው ዝም ብሎ ይቀመጣል። የማውቀው ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አስቀምጦ «አላደገልኝም» ብሎ አማረረኝ። ገብተሽ መግዛት አለብሽ። ብዙ ኩባንያ በአንድ ላይ የያዘ ኢንዴክስ ፈንድ ለጀማሪ ይበቃል።

የአክስትሽን ልጅም አታስቀይሚው። ቡና ስትጠጡ ስልኩን ይክፈትና ለማርጂኑ በዓመት ስንት በመቶ ወለድ እንደሚከፍል ያሳይሽ።