ሳይቆፈር የተጠገነው ቱቦ እንደገና አስቸገረ፤ በሌላ ባለሙያ ላስከፍተው?

ጥያቄ፦ የንግድ ሕንፃ ባለቤት ነኝ። ከወለሉ ሥር ያለው የፍሳሽ መስመር ተሰነጣጥቆ ነበር። ሱቆቹን ላለመዝጋት ስል ሳይቆፈር ከውስጥ አዲስ ሽፋን እንዲለብስ አስደረግሁ። ኮንትራክተሩ የ10 ዓመት ዋስትና ሰጥቶኛል። ከሦስት ወር በኋላ ግን የአንዷ ተከራይ ፍሳሽ ወደ ላይ ይመለስ ጀመር። ኮንትራክተሩን ስጠራው «ሥራችን ደህና ነው፤ ቅባት እየደፋችሁ ነው» አለኝ። ሌላ ባለሙያ አይቶት፣ ሽፋኑን ከውስጥ ቆርጦ እንደሚያስተካክለው ነግሮኛል። እሱን አሠርቼ ወጪውን ከመጀመሪያው መጠየቅ እችላለሁ? ተከራይዋም ኪራይ አልከፍልም እያለች ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ሁለተኛው ባለሙያ እስካሁን ካልቆረጠ አሁኑኑ ደውለው ያስቁሙት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀላሉን ክፍል ቶሎ ልጨርሰው። ሥራ ወስዶ የሠራ ሰው ለሥራው ጉድለት ይጠየቃል። በርክክብ ጊዜ ሊታይ የማይችል ድብቅ ጉድለት ሲሆን፣ ርክክቡን ፈርመዋል ተብሎ መብትዎ በቀላሉ አይቀርም። ጉድለቱን የማሳወቂያና የመክሰሻ ጊዜው ግን እንደየአገሩ ሕግና እንደ ውሉ ይለያያል። አንዳንዱ ጊዜ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ ውሉን ይዘው በአካባቢዎ ወዳለ ጠበቃ ይሂዱ።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። ዋስትና አለኝ ብለዋል። የት ላይ የተጻፈ? በውሉ ውስጥ፣ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ወይስ በቃል? ዋስትናው የሚሸፍነው ሽፋኑን ብቻ ነው ወይስ ሽፋኑ የሚዘጋቸውን፣ ከየሱቁ የሚመጡ የቅርንጫፍ መስመሮች መልሶ መክፈትንም ጭምር? ከሁሉ በላይ የገረመኝ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ቪዲዮ አንድም ቃል አለመኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ቱቦው በካሜራ ይቀረጻል። ሁለቱም ቅጂዎች እጅዎ ላይ መሆን ነበረባቸው። ከሌሉ ዛሬውኑ ኮንትራክተሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሳያዩት የመጨረሻውን ክፍያ ከፍለው ከሆነ ትንሽ ቸኩለዋል፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ግን ሌላ ነው፤ እርስዎም አፋፉ ላይ ቆመዋል። ለምን እንደሆነ እንዲገባዎ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ላስታውስዎ። በኬሚካል ሙጫ የተነከረ ለስላሳ ጨርቅ እንደ ካልሲ እየተገለበጠ በአየር ወይም በውሃ ግፊት ወደ አሮጌው ቱቦ ይገባል። ከዚያ በእንፋሎት፣ በሙቅ ውሃ ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይጠነክራል። ሲያልፍ ታዲያ ከየሱቁ የሚመጡትን የቅርንጫፍ መስመሮች አፍ ሁሉ ይሸፍናል። ከጠነከረ በኋላ ሮቦት መቁረጫ ገብቶ አፎቹን አንድ በአንድ መክፈት አለበት። አንዱ አፍ ጨርሶ ቢረሳ ኖሮ ወዲያው ያውቁት ነበር። ሦስት ወር መቆየቱ በግማሽ የተከፈተ አፍ ያስመስለዋል። ያስመስለዋል ነው ያልኩት፤ እኔ ጠበቃ እንጂ የቧንቧ ባለሙያ አይደለሁም።

ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ ማስረጃዎ ያ በግማሽ የተከፈተ አፍ ራሱ ነው። ሁለተኛው ሰው መቁረጫውን ሲያስገባ ማስረጃዎ ተቆርጦ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቱቦው ውስጥ የሚታየው የእሱ መቁረጫ የተወው ጠርዝ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኮንትራክተር ፍርድ ቤት ቀርቦ «እኛ በትክክል ከፍተናል፤ ሽፋኑን ያበላሸው ሌላ ሰው ነው» ቢል ምን ይመልሳሉ? ብዙ የዋስትና ጽሑፎች ደግሞ ሌላ ሰው ከነካው ዋስትናው ይቀራል ይላሉ። ለኮንትራክተሩ የማረም ዕድል ሳይሰጡ ወጪ መጠየቅም በብዙ ቦታ ያስቸግራል።

ስለዚህ መጀመሪያ በጽሑፍ ያሳውቁት። ስልክና «ነግሬው ነበር» አይበቃም። የቱ መስመር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንደሆነ ይግለጹና መጥቶ እንዲያይና እንዲያርም ምክንያታዊ ጊዜ ይስጡት። መቀበሉን የሚያሳይ ነገር ይያዙ። ቀጥሎ ከሁለቱም ጋር ጉዳይ የሌለው ባለሙያ በካሜራ ይቅረጸው። ቀኑና ከመግቢያው ያለው ርቀት በምስሉ ላይ ይታይ። ኮንትራክተሩ በቀረጻው ላይ እንዲገኝ ይጥሩት፤ ባይመጣ እንኳ መጠራቱ ይጠቅምዎታል። ፍሳሹ ሱቅ እያጥለቀለቀ ከሆነ ማንም ቁጭ ብለው ይዩት አይልዎትም። ያን መስመር መጠቀም ያስቁሙ፣ ያስመጥጡ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። መቁረጥ የግድ ከሆነ ከፊትም ከኋላም ይቀረጽ፤ ተቆርጦ የወጣውን ቁራጭም አይጣሉት።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቪዲዮው ከእርስዎ ጎን ላይቆም ይችላል። ሽፋኑ የአሮጌውን ቱቦ ተዳፋት ይከተላል፤ የሰመጠውን ቦታ አያቃናም። ውሃ የሚያቁረው እዚያ ከሆነ ክርክሩ ይለወጣል። ያኔ የሚጠየቀው፣ ኮንትራክተሩ ይህን አይቶ ነግሮዎታል ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ቪዲዮ እዚህም ያስፈልግዎታል። የተከራይዋ ሥራ ምን እንደሆነም አልነገሩኝም። ምግብ ቤት ከሆነ የቅባቱ ነገር ባዶ ሰበብ አይደለም። የቅባት ማጣሪያ እንዳላትና መቼ እንደተጠረገ ይጠይቋት።

ተከራይዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አልፈዋታል። እንደ አስቸጋሪ ሰው አይዩዋት፤ ነገ ከሳሽ ልትሆን ትችላለች፣ ምስክርዎም ልትሆን ትችላለች። ከወለል ሥር ያለ የጋራ መስመር ብዙውን ጊዜ የአከራዩ ኃላፊነት ነው፤ የኪራይ ውሉ የተለየ ነገር ካላለ። ውሉን ሳያነቡ የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ እንዳይጽፉ። መቼ እንዳሳወቀችዎ፣ ምን ንብረት እንደተበላሸባት በጽሑፍ ይቀበሏት። ኢንሹራንስ ካለዎትም ለኩባንያው አሁኑኑ ያሳውቁ፤ ዘግይቶ ማሳወቅ ብቻውን ክፍያ ሊያስከለክል ይችላል።

ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ውሉን ከነአባሪዎቹ፣ የዋስትና ወረቀቱን፣ የርክክብ ሰነዱን፣ የክፍያ ደረሰኞቹን፣ የኪራይ ውሉንና ሁለቱን ቪዲዮዎች ይያዙ። ሁለተኛው ባለሙያ ቆርጦ ከጨረሰም አይደብቁት፤ ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ይሁን።