ከሚሳይል የሚቀነሰውን ገንዘብ አትጠብቂ

ውድ ጠያቂያችን፣ የጻፍሽልን ባጭሩ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሲግናል ፕሮሰሲንግ (ራዳርን ከመሰለ መሣሪያ የሚመጣን ምልክት በመተንተን) ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው። የሚሳይል ራዳር የሚሠራ ድርጅት ሊቀጥርሽ ደብዳቤ ልኮልሻል፤ ልብሽ ያለው ግን የወረርሽኝ ክትትል ምርምር ላይ ነው። ከጦር መሣሪያ ተቀንሶ ለኅብረተሰብ ጤና ምርምር ይሰጥ የሚል ድምፅ ስለሰማሽ «ሥራውን እምቢ ብዬ ገንዘቡ እስኪዞር ልጠብቅ?» ትያለሽ። አባትሽ ደግሞ «የመሣሪያ ሥራ መቼም አይቋረጥም» ይሉሻል።

ያ ገንዘብ ቢዞር ከልቤ ደስ ይለኛል፤ ሊዞርም ይገባል። የአንቺን የቤት ኪራይ ግን በእሱ ላይ አትጣይ።

የአሜሪካ ኮንግረስ የየዓመቱን በጀት የሚደለድለው በ12 ንዑስ ኮሚቴዎች በኩል ነው። መከላከያ የራሱ አለው። የሕክምና ምርምር ዋናው ገንዘብ ሰጪ ኤንአይኤች (የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት) ደግሞ ከሠራተኛና ከትምህርት ጉዳዮች ጋር በሌላ ንዑስ ኮሚቴ ሥር ነው። ለእያንዳንዱ ንዑስ ኮሚቴ የገንዘብ ጣሪያ ይቆረጥለታል። አንድ የሚሳይል ፕሮግራም ቢሰረዝ የተረፈው ገንዘብ ጣሪያው እስካልተነካ ድረስ እዚያው መከላከያ ውስጥ ይቀራል፤ መርከብ ወይም ሌላ ሚሳይል ይገዛበታል።

እ.ኤ.አ. በ1992 የሆነውን እዪ። የጡት ካንሰር ተሟጋቾች ለምርምር ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቁ፣ የዚያን ጊዜው ሕግ የመከላከያን ገንዘብ ለአገር ውስጥ ፕሮግራም ማዞርን ይከለክል ነበር። መፍትሔ የተባለው 210 ሚሊዮን ዶላሩን እዚያው በጦር ሠራዊቱ የምርምር በጀት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ የተወለደው ፕሮግራም ዛሬ የብዙ በሽታዎችን ምርምር ይደግፋል፤ የሚመራውም ሜሪላንድ ካለው የጦር ሰፈር ከፎርት ዴትሪክ ነው። ፎርት ዴትሪክ ራሱ የባዮሎጂካል መሣሪያ ማዕከል ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1969 ያን የማጥቂያ ፕሮግራም ካስቆሙ በኋላ ከፊሉ ከ1972 ጀምሮ የካንሰር ምርምር ማዕከል ሆኗል። ስለዚህ መዞሩስ ይዞራል፤ መቼና በየትኛው በር እንደሚመጣ ግን ቀድሞ ያወቀ ሰው የለም።

ቢመጣም አይዘልቅ ይሆናል። የኤንአይኤች በጀት ከ1998 እስከ 2003 ከ13.6 ቢሊዮን ወደ 27 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አደገ። ዩኒቨርሲቲዎች ሕንፃ ሠሩ፣ ብዙ ተማሪ ተቀበሉ። ከዚያ እድገቱ ቆመ። ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች ገንዘብ ያገኙ የነበሩት ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጉ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወደ አንድ አምስተኛ ወረዱ። ተስፋውን አይተው የገቡት ተማሪዎች የተመረቁት በዚያ ጊዜ ነው።

እኔ የምሠራው ግራንት (ለምርምር የሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ) የሚያስተዳድር ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ደመወዝሽ ከየት ይወጣል የሚለው ላይ ነው። አንቺም ከአገሪቱ በጀት ይልቅ እሱን አጥኚ። የወረርሽኝ መረጃ የሚተነትን ቡድን ውስጥ የስታቲስቲክስ ተንታኝ ቦታ ስታገኚ፣ ቃለ መጠይቁ ሳይደርስ ኤንአይኤች የሰጣቸውን ግራንቶች የሚዘረዝረውን፣ ኤንአይኤች ሪፖርተር የተባለውን ለሁሉም ክፍት የሆነ ድረ ገጽ ክፈቺና የዋና ተመራማሪውን ስም ፈልጊ። ሁለት የማብቂያ ቀኖች ታያለሽ። የበጀት ዘመኑ በየዓመቱ ያበቃል፤ እሱ አያስደንግጥሽ። ቁም ነገሩ የፕሮጀክት ዘመኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዓመት ነው። ሊያበቃ ስምንት ወር ቀርቶት የእድሳት ማመልከቻ ካልገባ ደመወዝሽ መሃል ላይ ክፍተት አለው፤ ካመለከቱ በኋላ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ዘጠኝ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃልና። ቀኑ በአንድ ዓመት የተራዘመ ከሆነም ጠይቂ፤ እንዲህ ያለው ማራዘሚያ ብዙ ጊዜ አዲስ ገንዘብ አይጨምርም፣ ጊዜ ብቻ ነው። በ2025 ብዙ ግራንቶች ዘመናቸው ሳያልቅ ተቋርጠዋል። ስለዚህ «ደመወዜን ስንት ግራንት ይከፍለዋል? ከእያንዳንዱስ ስንት በመቶ?» ማለት ነውር አይደለም። መልስ ሊሰጥሽ የማይፈልግ ኃላፊ ራሱ መልስ ነው።

የተማርሽው አይባክንም። ለሕክምና ምርመራ መመዘኛ የሚያገለግለው አርኦሲ ከርቭ (ትክክለኛ ማንቂያን ከሐሰት ማንቂያ ጋር የሚያነጻጽር ግራፍ) የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር ነው። አንቺ ዒላማን የማግኘት ዕድል የምትዪውን ሐኪሞቹ ሴንሲቲቪቲ (በሽታ ያለበትን የመለየት አቅም) ይሉታል፤ የሐሰት ማንቂያ መጠንሽን ከአንድ ስትቀንሺው የእነሱ ስፔሲፊሲቲ (በሽታ የሌለበትን የመለየት አቅም) ይሆናል። ሲቪሽን በእነሱ ቃል ጻፊው፤ «ራዳር» ብቻ ያነበበ ቀጣሪ ገጹን ገልጦ ያልፋል።

አባትሽን በተመለከተ፦ ተሳስተዋል። የአሜሪካ ጦር የኮማንቼ ሄሊኮፕተርን ፕሮግራም በ2004 የሰረዘው ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ካወጣበት በኋላ ነው። የመሣሪያ ሥራም በየዓመቱ በጀት የሚታደስ ሥራ ነው። ለታናናሾችሽ ትምህርት እንድትልኪ ይጠብቁብሻል ብለሻል። እውነት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚከፍለው ያንሳል። የሁለቱን ደመወዝ ልዩነት ከግብር በኋላ አስልተሽ በወር ይህን ያህል እልካለሁ ብለሽ ቁርጡን ንገሪያቸው። ቁጥር ካልተቀመጠ ክርክሩ ስለ ውለታ ይሆናል፤ በዚያ ደግሞ አትረቺም። ሒሳቡ እምቢ ካለ የመድኃኒት ሙከራ የሚያካሂዱ ድርጅቶችን ሞክሪ፤ እነሱም ስታቲስቲክስ ያለው ሰው ይፈልጋሉ፣ ከዩኒቨርሲቲም የተሻለ ይከፍላሉ።

በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ማስተርስ? አሁን አያስፈልግሽም። ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) አንድ ኮርስ፣ ሰርቫይቫል አናሊሲስ (አንድ ነገር እስኪከሰት የሚፈጀውን ጊዜ መተንተን) አንድ ኮርስ፣ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ በራስሽ የሠራሽው አንድ ትንተና ለጊዜው ይበቃሻል።

መሣሪያ መሥራት ሕሊናዬ አይፈቅድም የምትዪ ከሆነ ዛሬውኑ እምቢ በዪ፤ ለዚያ የበጀት ዜና አያስፈልግሽም። ገና የምታመነቺ ከሆነ የመልሱ ቀን ሳይደርስ ሁለት ሳምንት እንዲጨምሩልሽ በኢሜይል ጠይቂ፤ በእነዚያ ቀናት ቢያንስ አምስት የምርምር ቡድኖች ጋ ማመልከቻሽ ይድረስ።