ለአባይ ማዶው ቤት ገንዘቡን በሻጩ ወንድም አካውንት አታስገቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሻጩ «ገንዘቡን በወንድሜ አካውንት አስገቢልኝ፣ ውሉን ሰኞ እንፈራረማለን» ብሎሻል፤ ደላላው ደግሞ «ሌላ ገዢ ቆሟል» እያለ ያጣድፍሻል። እባክሽ አንድ ብር እንዳታስገቢ። ሰውየው አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ቢበላሽ ግን ለሻጩ መክፈልሽን ማስረዳት ያለብሽ አንቺ ነሽ፣ በእጅሽ ያለው ደረሰኝ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ነው የሚለው።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሽንብጥ ሰፈር ያለውን ቤቴን የገዛሁት በ2013 ዓ.ም ከአንዲት እናት ነው። የክፍያው ዕለት ጠዋት፣ ገና ቁርስ ሳልቀምስ፣ «የእማማ አካውንት ስለታገደ በዚህኛው አስገባ» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ቁጥሩን አላውቀውም፤ እሱ ግን የቤቱን ዋጋ እስከ ሽርፍራፊው ያውቃል። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። እማማ በረንዳው ላይ ቡና እየቆሉ ነበር። መልእክቱን ሳነብላቸው ምጣዱን አወረዱና ወደ ውስጥ ገቡ፤ የባንክ ደብተራቸውንና የቤቱን ካርታ በአንድ ፌስታል እንደጠቀለሉ ይዘው ወጡ። «ልጄ፣ እኔ በስልክ መጻፍ መች እችልና!» አሉኝ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። ዋጋውን የምናውቀው አምስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ማን እንደላከው እስካሁን አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ የአካውንት ቁጥር በቴሌግራምም ሆነ በደላላ አፍ አልቀበልም፤ ከባለቤቱ ደብተር ላይ በዓይኔ አይቼ ነው የምጽፈው።

የዚያኑ ዕለት እማማን ይዤ ባንክ ሄድኩ። እሳቸው ባሉበት ባንክ ቀደም ብዬ አካውንት ከፍቼ ስለነበር ገንዘቡ ወዲያው ነው የሚገባው። መጀመሪያ 100 ብር ብቻ ላክሁ፤ የእማማ ስልክ ጮኸ፣ መልእክቱን አየነው። ከዚያ ሠራተኛዋ ስክሪኑን አዙራ የባለአካውንቱን ስም እስከ አያት ጮክ ብላ አነበበችልን፤ እኔም ከካርታው ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። በክፍያ ምክንያቱ ቦታ «የቤት ሽያጭ ክፍያ» አስጻፍኩ፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት እስከ ዛሬ ከካርታው ጋር አስቀምጬዋለሁ። የሁለታችሁ ባንክ የተለያየ ከሆነ ትልቅ ገንዘብ አርቲጂኤስ በሚባለው የባንክ ለባንክ ማስተላለፊያ፣ በብሔራዊ ባንክ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እሱ በሥራ ሰዓት ስለሚሠራ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ አትጀምሪው። ሞባይል ዳታ በተቋረጠበት ሰሞን ቀብድ ከፍለው በመተግበሪያ እንልካለን ብለው የተጨነቁ ሰዎችን አይቻለሁ። ለዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ቅርንጫፍ መሄድ ይሻላል።

«ገንዘቡ ነው ፊርማው የሚቀድመው?» ለሚለው ጭንቀትሽ የኔ መልስ ሲፒኦ ነው፤ ባንኩ ገንዘቡን ከአካውንትሽ ቀንሶ በተቀባዩ ስም የሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ ማለት ነው። በሻጩ ስም አሠርተሽ ይዘሽ ትሄጂያለሽ፣ ፊርማው ካለቀ ታስረክቢዋለሽ። ካልተፈራረማችሁ ባንኩ ገንዘቡን ወደ አካውንትሽ ይመልስልሻል። ሻጩም ቢጠራጠር ሲፒኦውን የሰጠውን ቅርንጫፍ ደውሎ ይጠይቅ፣ መብቱ ነው።

ውሉ መንገድ ላይ በሁለት ምስክር ተፈርሞ እንዳይቀር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ዘንድ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ቀብድ ከጠየቀሽ ትንሽ ስጪ፣ ግን ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ይጻፍ፤ በዚሁ ሕግ የተቀበለው ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፣ አንቺ ካፈረስሽ ደግሞ ቀብድሽ ይቀራል። ሚስት ካለችው እሷም ትፈርም፤ በትዳር የተፈራ ቤት ያለ እሷ ፈቃድ ሲሸጥ ክሱ ከኋላ ይመጣል። የሚሸጥልሽ ወኪል ከሆነም ውክልናው ለመሸጥ ብቻ ነው ወይስ ገንዘብ ለመቀበልም፣ ደግሞስ ተሽሯል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ያልጠየቅሽኝ ግን በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። «ግብር እንዳይበዛ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ካሉሽ እሺ አትበይ። ውሉ ነገ ቢፈርስ የተጻፈውን ያህል ብቻ ሊመልስልሽ ይሞክራል፤ ቀሪውን መክፈልሽን ለማስረዳት ስንት ዓመት ትመላለሻለሽ።

ከፊርማው በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ቀደም ባለ ወር አይደለም፣ መሬት አስተዳደር ቢሮ ሄደሽ የቤቱ ማኅደር ላይ እግድም የባንክ ዕዳም አለመኖሩን በደብዳቤ አስጽፊ። እግድ በአንድ ቀን ሊገባ ይችላል።

አሁን ደላላውን ተዪውና ለሻጩ ራስሽ ደውይለት። «በስምህ አካውንት ከሌለህ አብረን ሄደን እናስከፍት» በይው። እኔ ሐሙስ ጠዋት ነፃ ነኝ፤ ከፈለግሽ ጊዮርጊስ ጋ ተገናኝተን ባንክ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ።