«አስቸኳይ» ብሎ ኢሜይል መላክ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አለቃችን በአውትሉክ ሲልኩ ቀይ ቃለ አጋኖ ይታያል። እኔ የምጠቀመው ጂሜይል ነው፤ ምልክቱን ከየት ላግኘው?

መልስ፦ ጂሜይል ለላኪ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። በገቢ መልእክቶች ዝርዝር ላይ የምትታየውን ቢጫ «አስፈላጊ» ምልክት የሚያደርገው ጂሜይል ራሱ ነው፣ የተቀባዩን ልማድ አይቶ። ግን ብዙ አልቀረብዎትም። ቀዩ ምልክት ተቀባዩ ራሱ ካላስተካከለው በቀር ስልክ አያስጮኽም፤ ጂሜይል ላይ ለሚያነብ ደግሞ ላይታየውም ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ርዕሱ ላይ «አስቸኳይ!!!» ብል አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ ምን እንደተፈለገና እስከ መቼ እንደሆነ አይናገርም። እንዲህ ይጻፉ፦ «ፊርማ እስከ ዛሬ 9፡00፦ የጨረታ ሰነድ»። ስልክ ረጅም ርዕስን ከኋላው ስለሚቆርጥ የሚፈለገው ነገር ይቅደም። የመልእክቱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ምክንያቱን ይያዝ፦ «የጨረታ ሳጥኑ 10፡00 ላይ ይታሸጋል፣ ከዚያ በኋላ አይቀበሉንም»። ይህን ያነበበ ሰው ቃለ አጋኖ ሳያስፈልገው ይነሳል። ናይሮቢ ላለ ባልደረባ ከሆነ ግን 9፡00 ብለው እንዳይተዉት፤ እሱ ጠዋት ነው ብሎ ያነበዋል። 15፡00 ይበሉት። ቀኑንም እንደዚሁ፦ ሰኔ 30 ለእሱ ጁላይ 7 ነው።

ጥያቄ፦ የቱ ጉዳይ ነው በእውነት አስቸኳይ?

መልስ፦ ዛሬ ካልተወሰነ ገንዘብ፣ ውል ወይም ሰው የሚጎዳበት። ነገ ጠዋት ቢደርስ ምንም የማይለወጥ ከሆነ ተራ ኢሜይል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ ከፈለጉ ግን ይደውሉ፤ ኢሜይሉ የተነጋገራችሁትን በጽሑፍ መያዣ ይሁን። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብ ሁሉም ነገር «አስቸኳይ» ይባላል፣ ያኔ እውነተኛው ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ለመላው ክፍሉ ብልከው ቶሎ መልስ አላገኝም?

መልስ፦ እያንዳንዱ ሌላው ይመልሳል ብሎ ይተወዋል። ለአንድ ሰው ይላኩ፣ ሌሎቹን ሲሲ (በግልባጭ) ያድርጉ። ሲያልቅም ርዕሱን «ተጠናቋል» ብለው ይለውጡት፤ አለዚያ ማመስገኛው ሁሉ «አስቸኳይ» እንደተባለ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ዕቃ አቅራቢያችን «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ በአስቸኳይ ክፈሉ» ብሎ ጽፏል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይክፈሉ። የአጭበርባሪዎች የታወቀ መንገድ ነው፤ ጥድፊያው ራሱ እንዳያጣሩ የታሰበ ነው። በኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በውሉ ላይ በሰፈረው ደውለው ያረጋግጡ፤ ለፋይናንስ ኃላፊውም ዛሬውኑ ያሳውቁ።