600 ድምፅ ወይስ 88 ቁልፍ?

ውድ የሐዋሳዋ ጠያቂያችን፣

በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ተቀጥረሻል፤ ቸርች ውስጥ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለስድስት ዓመት ተጫውተሻል። አሁን ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ዓርብና እሑድ ማታ ሎቢው ውስጥ ፒያኖ እንድትጫወቺ ጠይቆሻል፤ መሣሪያ ግን የለውም። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ «600 ድምፅና ሪትም ያለው ኪቦርድ ልላክልሽ» ይልሻል፣ አባትሽ የዕቁብሽ ብር ባጃጅ ይገዛበት ይላሉ። ሥራ ልልቀቅ ወይ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ሥራሽን አትልቀቂ፤ ሁለት ምሽት ከቢሮ ሰዓት ጋር አይጋጭም። ያሬድ ይቆይ፤ ለዚህ ሥራ ዲፕሎማ የጠየቀሽ የለም።

የወንድምሽ ኪቦርድ ለሰርግ ነው። ሎቢ ውስጥ እንግዳው እያወራ ከስር የሚሰማ ፒያኖ ነው የሚፈለገው፤ አንድን ትዝታ ቀስ አድርጎ ማለስለስና ማጉላት ደግሞ የጣት ሥራ ነው። ቀላል ቁልፍ የለመደ ጣት እውነተኛ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ይዝላል፣ ለስለስ ያለው ኖታ ጭራሽ አይወጣለትም። ስለዚህ 88 ቁልፍ ያለው ዲጂታል ፒያኖ፣ ከስሩ መዶሻ ያለው፣ ባሱ ላይ ከበድ ቀጭኑ ላይ ቀለል የሚል ይሁን።

ቀጥሎ ጀርባውን እይ። ያማሃ ፒ-145 እና ሮላንድ ኤፍፒ-10 የድምፅ መውጫቸው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ነው። ያንን በስቴሪዮ ገመድ ቀጥታ ሚክሰር ላይ ከሰካሽው ሚክሰሩ የግራውንና የቀኙን ድምፅ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል፤ መሃል ያለው ድምፅ ይጠፋና ፒያኖው ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ባለሙያው ስፒከሩን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የገመዱ ነው። አንዱን ስቴሪዮ ጃክ ለሁለት ሞኖ የሚከፍል ገመድ ያድናል፤ ሆኖም በየሳምንቱ ለሚሠራበት መሣሪያ የግራና የቀኝ መውጫ ለብቻው ያለው ይሻላል። ያማሃ ፒ-125፣ ተተኪው ፒ-225፣ ሮላንድ ኤፍፒ-30ኤክስ እና ካዋይ ኢኤስ120 አላቸው።

ፒ-145 በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው 64 ኖታ ነው። ፔዳል ረግጠሽ ሁለት እጅ ስትጫወቺ ይሞላና የቀደመው ኖታ ይቆረጣል። ፒ-225 ላይ 192፣ ኤፍፒ-30ኤክስ ላይ 256 ነው። በቁልፍ ስሜት ሮላንዱን አስቀድማለሁ፣ ግን 14.8 ኪሎ ነው፤ ፒ-225 11.5። ሁለቱም ከ1.3 ሜትር አያንሱም፣ ባጃጅ ውስጥ አግድም ሲጋደሙ ጫፋቸው ይወጣል። ሆቴሉ ቆልፎ የሚያስቀምጥልሽ ከሆነ ሮላንዱ፣ አንቺ የምታመላልሺው ከሆነ ያማሃው።

ሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ትንሽ የፕላስቲክ ፔዳል ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፣ ግማሽ መርገጥም አያውቅም። ለያማሃዎቹ ኤፍሲ3ኤ፣ ለሮላንዱ ዲፒ-10 የሚባለውን ፔዳል ጨምሪ።

ያገለገለ ከሆነ ድምፁን ከፍ አድርጊና 88ቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ በጣም ቀስ ብለሽ ንኪ። ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የሚጮህ ካለ ከስሩ ያለው ጎማ ቆሽሿል ወይም አልቋል። ከዚያ ድምፁን ዘግተሽ ተጫወቺ፤ እንጨት እንደመምታት ቀጭ ቀጭ ካለ የውስጡ ፌልት ሄዷል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩን ገልብጠሽ አንብቢ። መግቢያው 120 ቮልት ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ «100-240» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። መብራት ሲሄድ ንቀዪው፣ ሲመለስ ትንሽ ቆይተሽ ሰኪ።

አባትሽ ስለ ገቢ መጠየቃቸው ልክ ነው። ነገር ግን ዕቁቡን በየወሩ የጣልሽው አንቺ ነሽ፣ ባጃጁን ማን እንደሚነዳም አልነገሩሽም። ልጅ መሆን የደመወዝሽን ውሳኔ አሳልፎ መስጠት አይደለም። ለእሳቸው የሚሆነው መልስ ቁጥር ነው፦ የፒያኖውን፣ የፔዳሉንና የስታንዱን ዋጋ ደምሪ፣ ሆቴሉ በወር ለሚከፍልሽ አካፍዪ። ከ12 ወር በላይ ከመጣ አዲስ አትግዢ፣ ያገለገለ ፒ-125 ፈልጊ።

የሦስት ወር ውል በጽሑፍ ሳይፈረም ግን አንድ ብር አታውጪ። ስፒከሩን ማን እንደሚያቀርብ፣ መሣሪያው የት እንደሚያድር፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የባከነው ሰዓት ከክፍያሽ እንደማይቆረጥ ውሉ ላይ ይስፈር።